ሹፌሩ ደርበውና የመስታወቱ ጎማ

በሃምሳዎቹ ዓመታት መቱ ላይ ደርበውን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንግዳ ነው። ሰውየው ራሱ ዝምተኛ ነበር፤ ረጅም ግን ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የሚቆጥብ፣ ገበያ መሀል ቢቆም ልብ የማይሉት ዓይነት። መታወቂያው መኪናው ነበረች። አረንጓዴ ቀለሟ በፀሐይና በዝናብ ደብዝዞ የጠወለገ ጎመን የመሰለች አሮጌ ፒክአፕ ናት። ከያዮ ከነቅርፊቱ የደረቀ ጀንፈል ቡና፣ ከኖፓ ማር፣ ከኡካ በቆሎ እየጫነች መቱ ትገባለች። ጋቢናዋ ከሹፌሩ ሌላ ሁለት ሰው አጠጋግታ ትይዛለች። ያ ቦታ የታመመ ወይም ያረጀ ሰው፣ አለዚያም አራስ ካለች የእነሱ ነው፤ ሌላው መንገደኛ ከኋላ ጆንያ ላይ ይወጣል።

የደርበው አባት ከመንዝ ከጦር ጋር መጥተው መቱ የቀሩ ወታደር ነበሩ። በጠላት ዘመን ጫካ ገቡና ሳይመለሱ ቀሩ። ነፃነት ሲመለስ ደርበው ጎሬ ወጥቶ ከአንድ ግሪካዊ ቡና ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ። መኪና አጠበ፣ ጎማ ነፋ፣ ጭነት ቆጠረ፣ በመጨረሻም መሪ ጨበጠ። የጋምቤላ ወንዝ ንግድ ሲቀዘቅዝ ግሪካዊው ዕቃውን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ፣ አሥራ አምስት ዓመት ላገለገለው ሹፌር ፒክአፗን ተወለት።

ዲሪቤን ያገኛት ኖፓ ማር ሊጭን በሄደበት ነው። አባቷ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ። ደርበው ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻው ያቀላጥፈው ስለነበር፣ «ይሄስ የእኛው ልጅ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየ» ብለው ልጃቸውን ሰጡት። ተዋደው ኖሩ። እግዜር የነሳቸው ልጅ ነበር። የመጀመሪያው በሰባት ወሩ ወረደ። ሁለተኛዋን ኩፍኝ ወሰዳት። ሦስተኛው ማታ ጡት ጠብቶ ተኝቶ ጠዋት አልነቃም። ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት ማህፀኗ ዝም አለ። የጎረቤት ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ዲሪቤ ግቢ ከመላክ መቆጠብ ጀመሩ። ይህን ያስተዋለችው እሷ ነበረች፤ ለባሏ ግን አልነገረችውም።

አሁን ወደ መኪናዋ ልመለስ። ያረጀው ጎማዋ ነበር። በእግሯ የሚሽከረከረውን ማለቴ አይደለም፤ የፊት መስታወቷን ከብረቱ ጋር አቅፎ የሚይዘውን፣ በበሮቿም መስታወት ዙሪያ የሚዞረውን ጥቁር ጎማ ነው። ያ ጎማ በዕድሜ ብዛት ደርቆ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ነበር። ኢሉባቦር ደግሞ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የማይለቅ አገር ነው። ውሃው ከመስታወቱ በላይኛው ጠርዝ ይገባና በተሳፋሪው በኩል ይወርዳል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ በበሩ መስታወት እየተረጨ ይገባል። ደርበው መጀመሪያ በጨርቅ ወተፈው። ቀጥሎ ከኖፓ ባመጣው ሰም ደፈነው፤ ሰሙ የፀሐይ ቀን ቀልጦ ወረደ። ከዚያ ሬንጅ ቀባው። ሬንጁ ዕቃ ያቆሽሻል እንጂ ውሃውን አልከለከለም። አዲስ አበባ ወደሚገኙ መለዋወጫ ሻጮች በሚመላለስ ሹፌር በኩል አስጠየቀ። «ለዚህች ዓይነት መኪና ጎማ መምጣት ካቆመ ቆየ» የሚል መልስ መጣለት።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ በደሌ ሲያልፍ ባጫ የሚባለው መካኒክ ወዳጁ በእጁ ጠቅሶ አቆመው።

«ደርበው፣ የምሥራች! ገደል የገባች አንዲት ፒክአፕ አምጥተውልኛል፤ ካንተዋ ጋር መንታ ናት። የመስታወት ጎማዋ አንድ ቦታ እንኳ አልተቆረጠም። ፈትቼ አስቀምጬልሃለሁ። መኪናዋን ሁለት ቀን ተውልኝ።»

ደርበው ጎማውን በእጁ ዳበሰው። ለስላሳ ነበር፤ ሲያጥፉት ይታጠፋል።

«አሁን አልችልም» አለ። «ቡናው ሊለቀም ነው፤ ያዮ ሰው ይጠብቀኛል። በጋ ሲገባ እመጣለሁ።»

ባጫ ከት ብሎ ሳቀ። «በጋማ ከገባ ጎማው ምን ያደርግልሃል?»

ደርበውም አብሮት ሳቀና መንገዱን ቀጠለ።

ያኔ ዲሪቤ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። «ይህ ቤት ልጅ አይበረክትበትም» ብላ እዚያው መቱ መውለድ ስለፈራች፣ ያዮ እህቷ ዓያንቱ ዘንድ ሄዳ ተቀመጠች። ጥቅምት መግቢያ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ደርበው ወሬውን የሰማው ቡና ሲጭን ነው። ጆንያውን ከትከሻው ጥሎ ሮጠ። ልጁ ትልቅ ነበር፤ ጭንቅላቱ በፀጉር የተሸፈነ፣ ሲያለቅስ ደጅ ድረስ የሚሰማ። ዲሪቤ ዲንቃ አለችው፤ ድንቅ ማለቷ ነው። የክርስትና ስሙ በአርባ ቀኑ መቱ ላይ፣ አባቱ ክርስትና በተነሣበት ቤተ ክርስቲያን እንዲወጣለት ተስማሙ። ይህን አጥብቃ የፈለገችው እሷ ነበረች። እነዚያ ጎረቤቶች ቆመው እንዲያዩ ትፈልግ ነበር።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ደርበው ሊወስዳቸው መጣ። ሲነሱ ዓያንቱ ወደ ምዕራብ ተመለከተችና፣

«ጋሼ ደርበው፣ ይህ ሰማይ አላማረኝም። ነገ ብትነሱ ምን አለበት?» አለች።

«ነገማ የክርስትናው ዋዜማ ነው፤ የሚሰናዳ ስንት ነገር አለ። ደግሞ ኅዳር አጋምሰናል፤ ምን ዝናብ አለ?»

ዲሪቤ ልጇን ታቅፋ ጋቢና ገባች፤ በሩንም ራሷ ዘጋችው።

ሁሩሙ ሳይደርሱ ያዛቸው። እንደ ኅዳር ካፊያ አልነበረም፤ የሐምሌ ዶፍ ነበር። ቀዩ መንገድ ወዲያው እንደ ቅቤ ሆነ። ዳገቱ ወገብ ላይ መኪናዋ ተንሸራታ የኋላ እግሯ ቦይ ገባ። ደርበው ወርዶ ጭቃ ዛቀ፣ ቅጠልና እንጨት ከጎማው ሥር ጎዘጎዘ፣ ተመልሶ ገብቶ ሞከረ፤ መኪናዋ አጓርታ ይበልጥ ሰመጠች። እንደገና ወረደ። በገባና በወጣ ቁጥር ጋቢናው ውስጥ ያለው ውሃ ጨምሮ ያገኘዋል። የመስታወቱ ላይኛ ጠርዝ ጥርስ ያለው ይመስል ውሃው እየተቆራረጠ ይወርዳል። ነፋሱም በእሷ በኩል ነበር፤ የበሩ መስታወት ባዶ ወንፊት ሆነ። ዲሪቤ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ በልጁ ላይ ተደፍታለች። ደርበው ጋቢውን አውልቆ በበሩ ጠርዝ ወተፈው። ትንሽ ቆይቶ ጋቢው ራሱ ያንጠባጥብ ጀመር።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ተኝቷል።»

«አልረጠበም?»

ይበልጥ ተደፋችበት። የታቀፈችበት ነጠላ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቆ የአከርካሪዋ አጥንት ይቆጠር ነበር።

ከሁሩሙ የመጡ ሰዎች ገፍተው እስኪያወጧቸው ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆዩ። መቱ ሲገቡ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰዉ እህሉን አስጥቶ ነበር። እሳት አነደዱ፣ ልጁን አደረቁ፣ በቅቤ አሹት። ጡት ጠባና ተኛ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ትንፋሹ እንደ ሮጠ ሰው ይፈጥን ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ መርፌ ወጉት፤ የተቻላቸውን አደረጉ። ቀኑን ሙሉ ከንፈሩ እየጠቆረ ዋለ። በአርባኛው ቀን ማለዳ ደርበው የንስሐ አባቱን ሊጠራ ሮጠ። ቤተ ክርስቲያን አልደርስ ካለ ቤት መጥተው ያጥምቁት ብሎ ነው። አባም መስቀላቸውንና መጽሐፋቸውን ይዘው ካባቸውን እንኳ ሳይደርቡ ተከተሉት።

ደጁ ሲደርሱ ዲሪቤ ልጁን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። አባ ጎንበስ ብለው አዩት፤ እጃቸውን በአፍንጫው ላይ አደረጉ፤ ቀና አሉ።

«ቶሎ ይበሉ እንጂ አባ» አለቻቸው።

«ልጄ …»

«ገና ትኩስ ነው እኮ። ይዳስሱት። ገና ይሞቃል።»

«ልጄ፣ የሞተ አይጠመቅም» አሉ አባ። «እንደምኞትሽ ይቁጠርልሽ። እግዚአብሔር ያያል።»

ጸሎተ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ደወልም አልተደወለም። ደርበው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከአንድ ዋንዛ ዛፍ ሥር ራሱ ቆፍሮ ቀበረው። አባ ከሩቅ ቆመው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አያቸው፤ ምን እንዳሉ ግን አልሰማም።

ከዚያ በኋላ ዲሪቤ ምግብ ታቀርብለታለች፣ እግሩን ታጥበዋለች፣ አልጋውን ታነጥፋለች። አትወቅሰውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች «ቤቱ ነው» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማች፤ ደርበውም ሰማ። ተነሥቶ «ቤቱ አይደለም!» ብሎ ሊጮህ ዳዳውና ተመልሶ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ሳምንት በደሌ ሄደ። ባጫ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ።

«አልኩህ እኮ! በጋ ሲገባ መጣህ። ምነው ጠቆርክ?»

«ልጅ ሞተብኝ።»

ባጫ ሳቁን ዋጠ። «ኧረ በሞትኩት! እግዜር ያጥናህ። ምን አግኝቶት?»

«ብርድ» አለ ደርበው። ሌላ አልጨመረም። ባጫም ጎማውን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ሲሰጠው ሁለቱን ነገር አላገናኘም። ጎማው እንደነበረው ለስላሳ ነበር።

«እዚሁ ልግጠምልህ» አለው።

«አይ፣ እኔው እገጥመዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።»

«መጀመሪያ ጎማውን በመስታወቱ ዙሪያ ታለብሰዋለህ። በጎማው ስንጥቅ ውስጥ ሲባጎ ታዞራለህ፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ታስቀራለህ። የሳሙና ውሃ በደንብ ቀባው። ከዚያ አንድ ሰው ከውጭ መስታወቱን ይጫናል፤ አንተ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያልክ ትስባለህ። ሲባጎው ሲወጣ የጎማውን ከንፈር ብረቱ ላይ እየገለበጠ ይሄዳል። ብቻህን ግን እንዳትሞክረው፤ መስታወቱ ይሰበራል።»

በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋን ግቢው መሀል አቁሞ አሮጌውን ጎማ በካቻቢቴ ይፈነቅል ጀመር። ቁርጥራጩ እንደ ከሰል እየተሰበረ ረገፈ። ከሥሩ የራሱ እጅ ሥራ ሁሉ ወጣ፤ የደረቀ ሬንጅ፣ አቧራ የጠጣ ሰም፣ በአራት ዓመት ውስጥ የወተፈው የጨርቅ ዓይነት። የጆንያ ቁራጭ አለ፣ የሸሚዙ እጅጌ አለ። በተሳፋሪው በር በኩል ጠበብ ብሎ የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ ሲጎትት የጋቢው ጥለት ብጣሽ ሆኖ አገኘው፤ ያን ዕለት ወትፎት ሲነቅለው ተቀዶ የቀረው ነው። ይዞት ቆመ። ከዚያ መሬት ላይ ከሌላው ጋር ጣለውና ብረቱን እስኪያበራ ፋቀ።

መስታወቱን ጎማ አልብሶ፣ ሲባጎውን አዙሮ፣ ከቦታው ሊያስቀምጠው ሲታገል ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«ልያዝልህ?»

ዲሪቤ ናት። የቀሚሷን እጅጌ ጠቅልላ ቆማለች።

«ተይ፣ ከባድ ነው።»

«ግባ» አለችው። «እኔ እጫነዋለሁ።»

ጋቢና ገባ። እሷ ከውጭ ሞተሩ ክዳን ላይ ደገፍ ብላ ሁለት መዳፏን መስታወቱ ላይ ዘረጋች። ፊት ለፊት ሆኑ፤ በመካከላቸው መስታወቱ ብቻ። ልጁ ከተቀበረ ወዲህ ፊቷን እንዲህ ቀርቦ አይቶት አያውቅም። ከዓይኖቿ ሥር ያለው ቆዳ ጠቁሮ ነበር። ሲባጎውን መሳብ ጀመረ። ጎማው ሳሙናው ላይ እየተንሸራተተ ጥቂት በጥቂት ገባ። «እዚህ ጋ» ሲላት እጇን ታዛውራለች፣ ትጫናለች። የታችኛውን ጠርዝ ጨረሱ። ወደ ላይኛው ጥግ ሲደርሱ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ምን አልሽ?»

«ታውቅ ነበር ወይ አልኩህ። ያን ቀን።»

ሲባጎው እጁ ውስጥ ቆመ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ባጫ ይህንኑ ጎማ መስከረም ላይ ሊገጥምልኝ ነበር። ቡና ይበልጥብኛል ብዬ ሄድኩ።»

ትናደዳለች ብሎ ጠበቀ። ፊቷ አልተለወጠም።

«እኔም አውቅ ነበር» አለች። «ስንት ክረምት በዚያ ወንበር ረጥቤአለሁ። እህቴ ቆዩ ስትል ሰምቻለሁ። እነዚያ ሴቶች እንዲያዩኝ ብዬ ገባሁ። በሩን ራሴ ዘጋሁት።»

«አንቺ አይደለሽም፣ ዲሪቤ።»

«ሳበው» አለችው።

ሳበው። የመጨረሻው ጫፍ ወጣ። መስታወቱ ከብረቱ ጋር ተቃቅፎ ቁጭ አለ። የበሩንም ሠሩ።

«አትውጣ» አለችው። ከበርሜሉ በባልዲ ውሃ ቀድታ መጥታ በመስታወቱ አናት ላይ ደፋችው። ደርበው ውስጥ ሆኖ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። ተመልሳ ቀዳች፤ በበሩ በኩል ደፋች። ደረቅ ነው። ሦስተኛ ቀዳች። «በቃ፣ ይዟል» አላት። አልሰማችውም። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ። እየሮጠች ትቀዳለች፣ ከአቅሟ በላይ እያነሣች ትወረውራለች፤ ግቢው ጭቃ ሆነ፣ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ረጠበ። ደርበው በውሃው ውስጥ ፊቷ ሲጣመም ያያል። ከልጁ ሞት ወዲህ የመጀመሪያውን ልቅሶዋን እያለቀሰች ነበር፤ «ኢልማ ኮ! ኢልማ ኮ!» እያለች፤ ልጄን ልጄን። በርሜሉ ሲያልቅ ባዶውን ባልዲ መኪናዋ ላይ ወረወረችው። ደርበው ደረቁ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በሩን ለመክፈት እጁ አልታዘዘለትም።

ማግሥቱን፣ «እናቴ ዘንድ ውሰደኝ» አለችው።

ኖፓ ድረስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መንገድ ላይ አልተነጋገሩም። ከእናቷ ደጅ ስትወርድ ሳጥኗን አወረደላት።

«መቼ ልምጣ?»

«እኔ እልክብሃለሁ።»

«ሃ ታኡ» አላት፤ ይሁን ማለቱ ነው።

አልላከችም። በየወሩ ማር ልጫን እያለ ሄደ። ተቀብላ ታስተናግደዋለች፣ ስለ ጤናው ትጠይቃለች፣ ከመኪናዋ አጠገብ ግን አትደርስም። በፋሲካ ማግሥት «ሌላ አግባ፣ ደርበው። አንተን አይቼ እሱን አለማየት አልቻልኩም» አለችው። ሌላ አላገባም። ኖፓ መሄዱን ግን ተወ።

በክረምት ጋቢናው ውሃ የማያስገባ መኪና መቱ ውስጥ የእሱ ብቻ ሆነ። ሰው ሊሳፈርበት ይሽቀዳደም ጀመር። ደርበው ሽማግሌም ሆነ በሽተኛ ይጭናል፤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ግን አይጭንም። ምክንያቱን አይናገርም። «ልጅ ስላጣ በሰው ልጅ ቀና» ተባለ። ከጀርባው «ጨካኝ» እያሉ ሲጠሩት ይሰማ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሐምሌ ወር፣ ከበደሌ ጨው ጭኖ ሲመለስ፣ ሁሩሙ አልፎ አንዲት ወጣት ሴት በዝናብ መሀል እጇን ዘረጋችበት። ልጇን በጀርባዋ አዝላ የኮባ ቅጠል ደፍታለች። ቆመ።

«ጋሼ፣ ስለ ማርያም መቱ ያድርሱኝ።»

«አልችልም፣ ልጄ። አውቶቡስ ከኋላዬ ነው፤ ይመጣል።»

«ጋቢናው ባዶ አይደለም እንዴ?»

መኪናዋን አስነሥቶ ሄደ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ነድቶ ቆመ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አልሆነለትም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከጨው ጆንያው ላይ ሸራውን ገፈፈ። እየሮጠ ተመልሶ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ በሴትዮዋና በሕፃኑ ራስ ላይ ዘረጋው።

«ምን ያደርጋሉ? ደረቅ ጋቢና እያለ! ጤና የለዎትም እንዴ?» አለችው።

ክንዱ እስኪዝል ሸራውን እንደያዘ ቆመ። ሕፃኑ ከእናቱ ትከሻ በላይ በትላልቅ ዓይኖች ያየው ነበር፤ ደርበው ወደዚያ አልተመለከተም። አውቶቡሱ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ሴትየዋ ስትሳፈር ለረዳቱ «ያ ሰውዬ እብድ ነው መሰለኝ» ስትለው ሰማት።

ሸራውን አጥፎ ወደ መኪናዋ ሲመለስ ጨዉ ቀልጦ ከኋላዋ ነጭ ውሃ እየሆነ ቀዩ መንገድ ላይ ይወርድ ነበር።